በሌለው ነገር የሚታወቅ ዕጢ

የዶክተር ሉሲ ሮርክ ሥራ በሽተኛውን ሳይሆን ከበሽተኛው የተቆረጠውን ማየት ነበር። በፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል የአንጎል ፓቶሎጂስት ነበሩ። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ከሕፃን ጭንቅላት ያወጣው ቁራሽ ፎርማሊን ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሰም ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያ እጅግ ስስ ሆኖ ይቆረጥና መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ቀለም ጠጥቶ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። ቀዶ ሐኪሙም፣ የካንሰር ሐኪሙም፣ ወላጆቹም የሚጠብቁት ከዚያ ጠረጴዛ የምትመጣውን አንዲት ገጽ ነው። በገጿ ላይ የሰፈረው ምርመራ ልጁ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ጨረር ይነካው አይነካው፣ ለእናቱም ምን እንደሚነገራት ይወስናል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በገጿ ላይ የሚጻፈውና በመኝታ ክፍሉ የሚታየው አልገጥም አለ። ወረቀቱ ሜዱሎብላስቶማ ይላል። ይህ ከማጅራት በላይ ካለው ትንሹ አንጎል የሚነሣ ካንሰር ነው። አሜሪካውያኑ ሃርቪ ኩሺንግና ፐርሲቫል ቤይሊ በ1925 ለይተው ካወጡት ወዲህ ሐኪሞች ሲታገሉት ኖረው፣ በዚያ ዘመን በቀዶ ሕክምናና በጨረር ብዙ ልጆችን ማትረፍ ጀምረው ነበር። እነዚህ ሕፃናት ግን አይተርፉም። አብዛኞቹ ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ናቸው። ዕጢው ተቆርጦ ወጣ ሲባል ይመለሳል፤ ሌላውን ልጅ ያዳነ መድኃኒት እነሱ ላይ ሲደርስ ይከሽፋል።

ሮርክ መስታወቶቹን መልሰው አዩ። ሜዱሎብላስቶማ ላይ የሚታወቁት ትንንሽ ሰማያዊ ሴሎች አሉ። በመካከላቸው ግን ሌሎች ተሰግስገዋል፦ ገላቸው ሰፋ ያለ፣ ኒውክለሳቸው ወደ አንድ ጥግ የተገፋ፣ አጠገቡም ሮዝ ቀለም ያለው ድብልብል ነገር ያቀፉ። እንዲህ ያለ ሴል ቀደም ሲል በሕፃናት የኩላሊት ዕጢ ውስጥ ታይቷል፤ በ1978 ብሩስ ቤክዊዝ የተባሉት የሕፃናት ፓቶሎጂስት ከባልደረባቸው ጋር ጽፈውበታል። የጡንቻ ሴል ስለመሰለ ራብዶይድ የሚል ስም ወጣለት። ኋላ ሲመረመር ጡንቻ አልነበረም፤ ስሙ ግን አብሮት ቀረ።

አንጎል ውስጥ ሲገኝ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። አንዱ ቁራሽ የነርቭ ሴል ይመስላል፣ ሌላው ቆዳ፣ ሌላው ሥጋ። ሮርክና ባልደረቦቻቸው የሰጡት ስም ይህንኑ ድብልቅልቅ ይዞ ረዘመ፦ ኤቲፒካል ቴራቶይድ ራብዶይድ ቲዩመር። ሐኪሞች አሳጥረው ኤ.ቲ.አር.ቲ. ይሉታል። በ1996 ሮርክ፣ የነርቭ ሐኪሙ ሮጀር ፓከርና የዘረመል ተመራማሪዋ ጃክሊን ቢገል የ52 ልጆችን ታሪክ ሰብስበው አሳተሙ። የጽሑፉ ቁም ነገር ይህ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፣ እንደ ሌላው አታክሙት የሚል ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ዓመት አልቆዩም።

ሮርክ በ1929 ሚኒሶታ ውስጥ ከአርመን ስደተኞች የተወለዱ ናቸው። አዲስ አበባም አርመኖቿን ስለምታውቅ ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ከሌሎቹ ዝናቸው አንዱ የአልበርት አንስታይን አንጎል ነው፦ የሳይንቲስቱ አንጎል ተቆራርጦ ከተለጠፈባቸው መስታወቶች አንድ ሣጥን እጃቸው ገብቶ፣ በ2011 ፊላዴልፊያ ላለው ሙተር ሙዚየም ሰጥተውታል። ጋዜጦች የጻፉላቸው ለዚህኛው ነው። እኔ ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በየቀኑ ከሚያዩት ሰማያዊ ሴል መካከል ያልለመዱትን ለይተው፣ ይህ ሌላ ነው ለማለት መድፈራቸው ነው።

*

ከማይክሮስኮፑ በፊት ልጁ አለ፤ የልጁም ታሪክ ከሞላ ጎደል በየአገሩ አንድ ዓይነት ነው። ሰባት ወር የሆነው ሕፃን ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል። ይነጫነጫል፤ ከዚያ ደግሞ ከልክ በላይ ይተኛል። ተደግፎ መቀመጥ ጀምሮ የነበረው ልጅ መልሶ ይዘምማል። አያት «ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ ተዪው» ትላለች። ጎረቤት ዓይን ገብቶበታል ባይ ናት። ግግ የሚያወጣ ወይም እንጥል የሚቆርጥ ባህላዊ ሐኪም ሰፈር ውስጥ ካለ፣ ትውከቱን የሚያየው በዚያው መንገድ ነው፤ ሕፃኑም ከበሽታው ላይ ቁስልና ኢንፌክሽን ይጨመርበታል። ጤና ጣቢያ የሄደችውም እናት ብዙ ጊዜ የምትመለሰው ኦ.አር.ኤስ. ይዛ ነው።

የጤና ባለሙያውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ያስመለሰው ሕፃን ሁሉ የአንጎል ዕጢ የለበትም። ከሺዎቹ አንዱም ላይኖርበት ይችላል። አንድ ነርስ የሥራ ዘመኗን ሙሉ አንድም ሳታይ ጡረታ ልትወጣ ትችላለች። ጥያቄው በመቶ ተራ ትውከት መካከል ያንን አንዱን ምን ይለየዋል የሚለው ነው።

የሚለዩ ነገሮች አሉ። ትውከቱ ተቅማጥም ትኩሳትም የለው፤ ከእንቅልፍ ሲነሣ ይብሳል፤ በሳምንት አይለቅም። ልጁ የተማረውን ይረሳል፦ ይዞት የነበረውን አንገት ያዘነብላል፣ ይጨብጥ የነበረው እጅ ይሰንፋል፣ አንድ ዓይን ወደ ውስጥ ይሸሻል ወይም የፊቱ አንድ ወገን ይወድቃል። አንጎል ውስጥ የሚመላለሰው ፈሳሽ መውጫው በዕጢው ሲዘጋ ዓይኖቹ ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ፤ ከብሌኑ በላይ ነጩ ይታያል። እርግብግቢቱ ልጁ ሳያለቅስ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ እያለም ተነፍቶ ይቆማል።

የትልቅ ሰው ራስ ቅል የገጠመ ስለሆነ ትንሽ ዕጢም ብርቱ ራስ ምታት ያመጣል። የሕፃን ራስ ቅል ግን መጋጠሚያው ገና ክፍት ነው። ከውስጥ ሲገፋው ይሰፋል፤ ቦታ ይሰጣል። ለልጁ ይህ እፎይታ ነው፤ ለምርመራው ግን መዘግየት። ዕጢው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ግማሽ ብርቱካን የሚያህል ሆኖ የሚገኘው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለመያዝ ከሜትር የበለጠ መሣሪያ አያስፈልግም። አዲስ የተወለደ ልጅ የጭንቅላት ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በዓመቱ 46 ገደማ ይደርሳል። ልኬቱ በካርዱ ላይ ነጥብ በነጥብ ሲቀመጥ መስመሩ በድንገት ሽቅብ ካለ አንድ ነገር አለ። በእኛ አገር ሕፃናት ለክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው፣ ከዚያም በ9 ወራቸው ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ይመዘናሉ። የምግብ እጥረት እንዳለ ለማወቅ ክንዳቸው በቀለማማው ቴፕ ይለካል። ጭንቅላታቸው ግን ሁልጊዜ አይለካም። ለምን እንደማይለካ የሚያሳምን ምክንያት አላገኘሁም፤ ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እርግጥ በኢትዮጵያ ጭንቅላቱ የሚያድግ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ያለበት ሃይድሮሴፋለስ ነው፤ ከኢንፌክሽን በኋላ ወይም ከአከርካሪ አፈጣጠር ችግር ጋር የሚመጣ የፈሳሽ መጠራቀም። ዕጢ የሚገኘው በጥቂቶቹ ነው። ሁለቱም ግን ወደ አንድ በር ይመራሉ፦ ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም። እርግብግቢቱ እስካልገጠመ ድረስ ደግሞ በዚያ ቀዳዳ በአልትራሳውንድ ወደ ውስጥ ማየት ይቻላል፤ እርጉዝ እናቶች የሚታዩበት ያው ማሽን። ጥቃቅኑን አያሳይም፤ የተጠራቀመ ፈሳሽና ትልቅ ዕጢ ግን አያመልጠውም። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ያለው ከተማ ድረስ ለመሄድ የሚያበቃ ማስረጃ ይሆናል።

እንግሊዞች በ2011 «ሄድስማርት» የሚል ዘመቻ ጀምረው እነዚህኑ ምልክቶች በትንሽ ካርድ አትመው ለሐኪሙም ለወላጁም አደሉ። ከምልክቱ እስከ ምርመራው ያለፈው ጊዜ ከሦስት ወር ገደማ ወደ ሁለት ወር ያልሞላ ወረደ። አዲስ ማሽን አልገዙም።

*

ዕጢው በፎቶ ታየ እንበል። ቀጥሎ ቢላዋ ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም በሙሉ 640 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ። ዕጢው ደግሞ ደም ይጠጣል። ለትልቅ ሰው ከቁም ነገር የማይገባ መድማት ለዚህ ልጅ ሞት ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው የቀዶ ሐኪሙን ያህል የሰመመን ሐኪሙና የደም ባንኩ ሥራ ነው። ዕጢው ከሥረ አንጎሉና ከፊት ነርቮች ጋር ከተጣበቀ ሁሉንም ማውጣት አይቻልም፤ የመዋጥና የመተንፈስ ማዘዣው እዚያ ነው። ግማሽ ተቆርጦ ግማሽ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቀረውን የሚገድለው ጨረር ነው፤ ክፉው ምርጫም እዚህ ላይ ይመጣል። ሲወለድ 350 ግራም ገደማ የሆነው የሕፃን አንጎል በዓመቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ያ ሁሉ እድገት የሴሎች መገናኘት፣ የነርቮች መሸፈን ነው። በዚህ መካከል ጨረር አንጎሉንና አከርካሪውን በሙሉ ሲመታ ልጁ ከካንሰሩ ቢተርፍ እንኳ ትምህርት ይከብደዋል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ የሆርሞን እጢዎቹ ይሰንፋሉ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተፈወሱ ልጆች ሲያድጉ ሐኪሞች ያዩት ይህንን ነው። ዕድሜው ባነሰ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል።

በቡፋሎ የሚሠሩት የነርቭ ሐኪም ፓትሪሺያ ዳፍነርና ባልደረቦቻቸው በ1993 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ ፍለጋ ነበር። የአንጎል ካንሰር የያዛቸው 198 ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወዲያው ጨረር አልተሰጣቸውም። በኬሞቴራፒ እየተጠበቁ እስኪያድጉ ጊዜ ተገዛላቸው። ለአንዳንዱ ዓይነት ካንሰር መንገዱ ሠራ፤ ከልጆቹ አንድ ክፍል ጨረሩ ዘግይቶለት፣ አንዳንዱም ጨረር ሳይነካው አደገ። በራብዶይድ ዕጢ የተያዙት ግን ጊዜ አልጠበቃቸውም። ኬሞው ዕጢውን ሳያቆመው ቀረ። በአንድ ስም ሥር ተጠራቅመው የነበሩ ልጆች የተለያየ በሽታ እንደነበረባቸው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አልነበረም።

*

የቀረውን ታሪክ የጀመረችው ያልተጠበቀች ፍጥረት ናት፦ እርሾ። በ1984 ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማሪያን ካርልሰንና ሌኖር ኒጅቦርን ስኳርን ማፍላት የማትችል የእርሾ ዘር ሲያጠኑ የጎደሏትን ጂኖች ለይተው መዘገቡ። ካንሰር በሐሳባቸው አልነበረም። ከእነዚህ ጂኖች አንዱ ኤስ.ኤን.ኤፍ.5 ይባላል። በእነዚያው ዓመታት በባቡር ሁለት ሰዓት በማይሞላ ርቀት ሮርክ መስታወታቸውን እያዩ ነበር። አንዳቸው የሌላውን ሥራ የሚያውቁበት ምክንያት አልነበረም።

ጃክሊን ቢገል በራብዶይድ ዕጢ ሴሎች ውስጥ ክሮሞሶሞችን ሲቆጥሩ 22ኛው ሁለት መሆን ሲገባው ደጋግሞ አንድ ብቻ ሆኖ አገኙት። እዚያ ቦታ የሆነ ጠባቂ ጂን ጠፍቷል ማለት ነው። ማንነቱን በ1998 ያወጡት በፓሪስ ኪዩሪ ኢንስቲትዩት የኦሊቪዬ ዴላትር ቡድን ተመራማሪዎች ናቸው። የጠፋው ያው የእርሾዋ ጂን፣ የሰው ዓይነቱ ነበር። ዛሬ ስማርክ.ቢ.1 ይባላል።

ሥራው ምንድን ነው? በአንዲት ሴል ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ይሆናል፤ በፕሮቲን ላይ ተጠቅልሎ ነው ኒውክለስ ውስጥ የሚኖረው። የተጠቀለለ ጂን አይነበብም። ስማርክ.ቢ.1 ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ጥቅሉን እዚህ ይፈታል፣ እዚያ ያንሸራትታል። ሕፃን በማህፀን ሲሠራ አንዲት ሴል «ነርቭ ነኝ» ብላ እንድትበስል የሚያስችላት ይህ መፍታትና መዝጋት ነው። የጂኑ ሁለቱም ቅጂ ሲጠፋ ሴሏ ሳትበስል ትቀራለች፤ ሳትበስል መባዛቷን ግን አትተውም። ሮርክ ያዩት ድብልቅልቅ፣ ነርቭም ቆዳም ሥጋም የሚመስለው፣ ምንነቱን ያልወሰነ ሴል ነው።

ተመራማሪዎቹን ያስገረመው ሌላውን ሲፈልጉ ያጡት ነው። በአጫሽ ሰው የሳንባ ካንሰር ውስጥ የተበላሹ የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በ2012 የታተመ ጥናት የራብዶይድ ዕጢን ጂኖች አንብቦ ከዚህ አንድ ጂን በቀር ይህ ነው የሚባል ብልሽት አላገኘም። ከካንሰሮች ሁሉ ከከፉት አንዱ በዘረመሉ ከሁሉ ቀላሉ ሆኖ ተገኘ። አንድ ነገር ብቻ ከጎደለ መድኃኒቱም አንድ ይሆናል ያሉ ነበሩ። አልሆነም። የተበላሸ ነገርን ማገድ ይቻላል፤ የሌለን ነገር ማገድ አይቻልም።

ለምርመራ ግን ይኸው መጥፋት በረከት ሆነ። በ2004 ከዚያው ከፊላዴልፊያ ሆስፒታል በአሌክሳንደር ጀድኪንስ መሪነት የወጣ ጥናት የስማርክ.ቢ.1ን ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ አካል በመስታወቱ ላይ ማፍሰስ እንደሚበቃ አሳየ። ፕሮቲኑ ያለበት ኒውክለስ ሁሉ ቡናማ ይሆናል። በሜዱሎብላስቶማ መስታወቱ በሙሉ ቡናማ ነው። በኤ.ቲ.አር.ቲ. የዕጢው ኒውክለሶች ሰማያዊ እንደሆኑ ይቀራሉ፤ በመካከላቸው የሚያልፉት የደም ሥሮች ሴሎች ብቻ፣ ጤነኛ ስለሆኑ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። የእነዚህ መኖር ቀለሙ መሥራቱን ይመሰክራል፤ የሌሎቹ ባዶነት ደግሞ በሽታውን ይናገራል። ጥቂት ዕጢዎች በሌላ ዘመድ ጂን መጥፋት ስለሚመጡ ይህ ምርመራ ያመልጣቸዋል። ከመቶ ዘጠና አምስቱን ያህል ግን ይይዛል።

*

ታውቆስ? ከሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች የተውጣጣ አንድ ትልቅ ጥናት በ2020 ውጤቱን አሳትሟል። 65 ልጆች ነበሩ። ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ኬሞቴራፒ፣ ከዚያ መቅኒን እስከማጥፋት የሚደርስ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞ፤ አስቀድሞ የተሰበሰበው የልጁ የራሱ የደም እናት ሴል ኋላ ይመለስለታል። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ጨረሩ አንጎሉን በሙሉ ሳይሆን ዕጢው የነበረበትን ቦታ ብቻ ያነጣጥራል። በአራተኛ ዓመታቸው 43 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ለሰሚው ያንሳል። የ1996ቱን 52 ልጆች ላስታወሰ ግን ትልቅ ለውጥ ነው።

ሌሎች ሐኪሞች መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ አንጎል ፈሳሽ ይሰጣሉ። ለዚህ የሚያገለግለው ከራስ ቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ ማጠራቀሚያ በ1963 የፓኪስታን ተወላጁ ቀዶ ሐኪም አዩብ ኦማያ የፈለሰፉት ነው፤ እስካሁን በስማቸው ይጠራል። ስማርክ.ቢ.1 ሲጠፋ የሚፈነጭ ሌላ ፕሮቲን የሚያግድ ታዜሜቶስታት የተባለ ክኒንም አለ። በ2020 ይኸው ጂን ለጠፋበት ለሌላ የአዋቂዎች ካንሰር አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ሕፃናቱ ላይ ሲሞከር የጥቂቶቹን ዕጢ ቢያሳንስም ፈውስ አልሆነም።

ሁሉም የሕፃን አንጎል ዕጢ እንዲህ አይደለም፤ አንዳንዱ ተቃራኒው ነው። በሕይወቱ የመጀመሪያ ዓመት የአንጎሉን ግማሽ የሚሞላ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ፓቶሎጂስቱን የሚያስደነግጥ ግላዮማ አለ። በትልቅ ሰው ላይ ይህ መልክ ፍርድ ነው። በሕፃኑ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ኤን.ቲ.አር.ኬ. ወይም ኤ.ኤል.ኬ. የሚባሉ ጂኖች ከሌላ ጂን ጋር ተጣብቀው ነው፤ የሚያግዳቸውም መድኃኒት አለ። ላሮትረክቲኒብ በ2018 ተፈቅዷል፤ በሽሮፕ መልክ ለጡት ጠቢ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የዕጢ ምደባው ይህን ግላዮማ በሕፃናት ስም ለይቶ አስፍሮታል። ሁለት ሕፃናት፣ ሁለቱም ትልቅ ዕጢ፤ አንዱ ሽሮፕ ይበቃው ይሆናል፣ ሌላው ያለውን ሁሉ ሕክምና ይፈልጋል። በዓይን የሚለያቸው የለም።

*

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 400 ሺህ ገደማ ሕፃናትና ታዳጊዎች በካንሰር ይያዛሉ። በሀብታም አገሮች ከመቶው ከሰማንያ በላይ ይድናሉ፤ በድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ብዙ አገሮች ሠላሳም አይደርሱም። ድርጅቱ በ2018 ባወጣው ዕቅድ ይህን በ2030 ወደ ስልሳ ለማድረስ ያልማል። በዕቅዱ ዋና ዋና ከተባሉት ስድስት ካንሰሮች መካከል የአንጎል ዕጢ ቢኖርም የተመረጠው ዝግ ብሎ የሚያድገውና በቀላሉ የሚታከመው ዓይነት ነው። አስተዋይ ምርጫ ነው፤ ቅር ቢለኝም እቀበለዋለሁ። ኤ.ቲ.አር.ቲ. መጀመሪያ የሚያድን አገር የለም።

በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት ይቆጠሩ ነበር። በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሥልጠና ከጀመረ ወዲህ አገር ውስጥ የተማሩ ሐኪሞች ወደ ክልሎችም ወጥተዋል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማን የመሳሰሉ ከተሞች ተጨምረዋል። በሉኪሚያ በሞተ ሕፃን ስም የተቋቋመው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲና በወላጆች የተመሠረተው ተስፋ አዲስ ከክልል ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያና እርዳታ ይሰጣሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሕክምና ጀምሮ የሚያቋርጠው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው የሚያድርበት ስለሌለው ነው።

የሚዘነጋው ፓቶሎጂው ነው። ሰው ለቀዶ ሕክምና ማሽን ገንዘብ ያዋጣል፤ ለፀረ አካል ጠርሙስ ሲዋጣ አላየሁም። ይህ ዓይነቱ የቀለም ምርመራ አገራችን ውስጥ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ይሠራል፤ ኬሚካሉ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፣ የአገልግሎት ጊዜውም ያልፋል። በሌለበት ቦታ ፓቶሎጂስቱ ወረቀቱ ላይ «ትንንሽ ሰማያዊ ሴሎች ያሉት አደገኛ ዕጢ» ብሎ ይተወዋል። ሐቀኛ መልስ ነው። ከ1985 በፊት ፊላዴልፊያም የምትሰጠው መልስ ይህንኑ ያህል ነበር።

መድኃኒቱ በሌለበት አገር ይህን ለይቶ ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። አንደኛ፣ ዕጢው ሌላ ሆኖ ከተገኘ፣ ሜዱሎብላስቶማ ወይም ያ ሽሮፕ የሚበቃው ግላዮማ ከሆነ፣ ሊድን የሚችል ልጅ ተስፋ ተቆርጦበት ወደ ቤቱ እንዳይላክ ነው። ሁለተኛው ምክንያት እናትየዋ ናት። ያገኘችውን ሐኪም ሁሉ አንድ ነገር ትጠይቃለች፦ «ከእኔ ነው እንዴ ዶክተር?» ስትፀንስ የበላችውን፣ ልጁ ከአልጋ የወደቀበትን ቀን፣ የተጣላችውን ሰው ታነሣለች። ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ከሦስት የኤ.ቲ.አር.ቲ. ሕፃናት በአንዱ ያህል ግን የስማርክ.ቢ.1 ጂን አንድ ቅጂ ልጁ ከመወለዱ አስቀድሞ በመላ አካሉ ጎድሎ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ይህ በልጁ የጀመረ፣ ወላጆቹ ደም ውስጥ የሌለ ለውጥ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከአባት ወይም ከእናት ይወረሳል፤ ወይም በደም ምርመራ ሳይታይ በዘር ፍሬ ውስጥ ብቻ ተደብቆ ይኖራል። ያኔ ለሚቀጥለው ልጅም ያሰጋል።

አቅሙ ባለበት አገር ጂኑ የጎደለበት ወንድም ወይም እህት ሲወለድ ገና ምንም ሳይታይበት ክትትል ይጀመርለታል፦ እስከ 5 ዓመቱ በየሦስት ወሩ የአንጎል ኤምአርአይ፣ ኩላሊቱንም በአልትራሳውንድ። ጂኑ ካልጎደለበት ደግሞ ሁሉም ይቀርለታል። ለዚህ ሁሉ መነሻው የመጀመሪያው ልጅ ዕጢ ምን እንደነበር በትክክል መታወቁ ነው፤ ይህም ልጁ ካረፈ በኋላ እንኳ ይቻላል። ሰም ውስጥ የተቀበረው ቁራሽ፣ ብሎክ የሚሉት፣ በደንብ ከተቀመጠ ለብዙ ዓመታት አይበላሽም፤ እንደገና ተቆርጦ ቀለም ሊቀባ፣ ተጠቅልሎ ምርመራው ወዳለበት ከተማ ወይም አገር በፖስታ ሊላክ ይችላል። እናትየዋ ሁለተኛውን ስታረግዝ ሐኪሟ ሊጠይቃት የሚገባው ብሎኩ የት እንዳለና ቁጥሩ በየትኛው ወረቀት ላይ እንደተጻፈ ነው።